ተሰጥኦ ከቃሊቲ ወዲያ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ዙሪያ የሚቆመው ሕዝብ ብዙም ሳይቆይ ወደየአቅጣጫው ይበተናል። ገሚሱ በ2007 ዓ.ም. በተከፈተው የክፍያ መንገድ ወደ አዳማ ይወርዳል፣ ገሚሱ ወደ ኮዬ ፈጬ ይታጠፋል፣ የቀረው «ቃሊቲ! ሳሪስ!» እያለ የሚጣራውን ረዳት ሰምቶ ወደ መሀል ከተማ ይሳፈራል። ወደ መሀል ከሚሳፈሩት መካከል የካሜራ ቦርሳውን ወደ ደረቱ አዙሮ ያነገተ ልጅ አይጠፋም። ሸራው በታክሲ በር አልገባ ስላለው ከፍሬሙ ነቅሎ የጠቀለለ ሠዓሊ ይኖራል፤ የተተኮሰ የሐበሻ ቀሚስ እንዳይጨማደድባት ከነማንጠልጠያው ከፍ አድርጋ የያዘች ልብስ ሰፊም ትኖራለች። ሦስቱም ሥራቸውን የሚሠሩት እዚሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሥራው እንዲታይላቸው ሲፈልጉ ግን ተሸክመውት መውጣት አለባቸው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነሱን ነው፤ በተለይም «አዲስ ተሰጥኦ እንፈልጋለን» የሚሉ ሰዎች ፍለጋቸውን ከየት እንደሚጀምሩ።

በአዲስ አበባ የአንድ ጀማሪ ሠዓሊ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ወይም የልብስ ዲዛይነር ስም የሚወጣባቸው ቤቶች ብዙ አይደሉም። አብዛኞቹም ከተማዋን ለሚያውቅ ሰው በቅርብ ርቀት ላይ ያሉ ናቸው። የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስድስት ኪሎ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም፣ ዛሬ በእሳቸው ስም የሚጠራው፣ ከዚያው አካባቢ አልራቀም። አሊያንስ ፒያሳ፣ አዲስ ፋይን አርት ቦሌ፣ ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ናቸው። የከተማዋ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የደቡቡ መስመር ያበቃው ቃሊቲ ላይ ነበር፤ ቱሉ ዲምቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ስለዚህ የዚህ ሰፈር ነዋሪ አንድ አውደ ርዕይ ለማየት ሲነሳ ቢያንስ ግማሽ ቀኑን ይሰጣል። የአውደ ርዕይ መክፈቻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አመሻሽ ላይ ስለሆነ መመለሻውንም ማሰብ አለበት።

ይህ ርቀት በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ከመሀል ወደ ዳር አዛውሯል፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እና ቂሊንጦ የዚያ ውጤት ናቸው። ዝውውሩ ዛሬም አልቆመም። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ የመልሶ ማልማት ሥራ የተነሱ ብዙ ነዋሪዎች የሄዱት ገላን ጉራ፣ ማለትም እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። የተወዛዋዡ መላኩ በላይ ፈንድቃ የባህል ማዕከልም በዚያው ሰሞን ከካዛንቺስ ቤቱ ተነስቷል። ፈንድቃ የአዝማሪ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ጀማሪ ሠዓሊዎች ሥራቸውን የሚሰቅሉበት ግድግዳም ነበረው፤ ሙዚቃ ሊሰማ የመጣ ሰው ሳያስበው ሥዕል አይቶ ይወጣ ነበር። ሰዎቹ ወደ ዳር ሲወጡ እንዲህ ያለው ግድግዳ አብሯቸው አልወጣም። ቤት፣ ውሃና መንገድ በዕቅድ ውስጥ ቦታ ነበራቸው፤ ሥራ የሚታይበት ክፍል አልነበረውም።

አዲስ ተሰጥኦ ለማግኘት የሚደረገው ጥረት ብዙውን ጊዜ የውድድር መልክ ይይዛል። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ዕድሜ ይገደባል፣ ዳኞች ይሰየማሉ፣ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ይሸለማሉ። ይህን አሠራር አልጠላውም፤ ለአንዳንድ ወጣት የመጀመሪያው ቀለም መግዣ ከዚያ ተገኝቷል። ችግሩ ውድድር የሚመዝነው አንድን ሥራ በአንድ ቀን መሆኑ ነው። በሥነ ጥበብ ውስጥ ተሰጥኦ ያለው ሰው ከሌላው የሚለይበት ነገር ግን በአንድ ሥራ አይታይም። ሃያኛው ሥራ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ሲሰቀል፣ ሰውየው አንድን ነገር ምን ያህል ጊዜ እየተመላለሰ እንደጠየቀው ሲታይ ነው የሚለየው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የሚጎድለን ስለታም ዓይን ያለው ፈላጊ አይደለም። የሚጎድለው ሥራ የሚጠራቀምበትና የሰፈር ሰው እየተመላለሰ የሚያየው ክፍል ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው፤ የማቀርባቸው ማስረጃዎችም ሁላችንም በኩራት ከምንጠራቸው ስሞች የተወሰዱ ናቸው።

ሠዓሊውን ኤልያስ ስሜን እንውሰድ። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ሥራው በአሜሪካ ሳንታ ሞኒካ ሙዚየም በሰፊው የታየው በ2009፣ የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሽልማትን ያገኘው ደግሞ በ2019 ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት የመጠበቅ ዓመታት አልነበሩም። መጀመሪያ በክርና በአዝራር ሸራ ላይ እየሰፋ፣ ኋላም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚገኘውን የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ቦርድ እየጎነጎነና እየገጣጠመ የሠራባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ቦታ ይበላል። ለየቀለሙ ተለይቶ የተቀመጠ ሽቦ፣ ጥቅሙ ገና ያልታወቀ ቁርጥራጭ፣ ተጀምሮ ለዓመት የቆመ ሰሌዳ የሚያርፍበት ጥግ ያስፈልጋል። ሥራውን ለብዙ ዓመታት ስትከታተል የኖረችው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ናት፤ ዞማ ሙዚየምንም ሁለቱ በጭቃና በገለባ አቁመው በ2011 ዓ.ም. ከፍተውታል። እዚህ ላይ «ማን አገኘው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። አብሮ የቆየ ሰው ነበር፤ ሥራው የሚከማችበት ስፍራም ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ ሶፋና አንድ ቁም ሳጥን በሞላው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ያ ሁሉ ሽቦ የት ይቀመጥ ነበር?

የታደሰ መስፍን ታሪክ ከሌላ አቅጣጫ ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። ወልድያ ተወልዶ፣ በሶቪየት ኅብረት ተምሮ የተመለሰው ይህ ሠዓሊ ከሦስት አስርት ዓመታት በላይ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተምሯል። የገበያ ሴቶችን እንደ ምሰሶ አቁሞ የሚያሳየው ሥራው በዓለም ገበያ በስፋት የተፈለገው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል መሪኮከብ ብርሃኑ በ2022ቱ የቬኒስ ቢዬናሌ ዋና አውደ ርዕይ ተሳትፋለች። ተስፋዬ ኡርጌሳ ደግሞ በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ብሔራዊ ድንኳን ስትከፍት በብቸኝነት የወከላት ሠዓሊ ነው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ያለፉ ናቸው። አንድ ክፍል፣ አንድ የማይለቅ አስተማሪ፣ ብዙ ዓመታት። ከየትኛውም ውድድር የወጣው ስም ከዚያ ክፍል ከወጣው ጋር አይወዳደርም።

ይህን ስል የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ስልክ ነው። ዛሬ ርቀት የለም፣ ቱሉ ዲምቱ ተቀምጦ ኒው ዮርክ መታየት ይቻላል ይባላል፤ ለዚህም ግርማ በርታ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ምሳሌው እውነተኛ ነው። ግርማ ፎቶግራፍን ራሱን ያስተማረ ወጣት ሲሆን በስልኩ የአዲስ አበባን ጎዳና ሰዎች እያነሳ፣ ከአካባቢያቸው ለይቶ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ከነጥላቸው እያቆመ በኢንስታግራም ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ይሰጡት የነበረውን የ10,000 ዶላር ድጋፍ ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። ነገር ግን የግርማ ሥራ ለስልክ ስክሪን የተመቸ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ቀለም ላይ በአውራ ጣት ስፋትም ይነበባል። የኤልያስ ሽቦ ግን ከጎን ካልታየ ጥልቀቱ አይገባም፤ የታደሰ የዘይት ቀለም ድርብርብ ስክሪን ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጥለት ደግሞ ካልተዳሰሰ ክብደቱ አይታወቅም። ሌላም ነገር አለ፤ ግርማን ለሽልማት ያበቁት ፎቶ ማንበብ የሚያውቁ ዳኞች ናቸው፤ ሥራውን አሳትሞ ግድግዳ ላይ የሰቀለውም ራኬብ ስሌና መሳይ ኃይለልዑል እ.ኤ.አ. በ2016 የከፈቱት ጋለሪ፣ አዲስ ፋይን አርት ነው። ስልኩ በሩን አንኳኳ፤ በሩ ግን ከበስተጀርባው ክፍል ነበረው።

የልብስን ነገር ሳነሳ ረጋ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ተሰጥኦ ስም አጥቶ የሚቀረው ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከኮንዶሚኒየሙ ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት ካሉት ሱቆች በአንዱ ውስጥ ያለችን ልብስ ሰፊ እናስብ። ደንበኛዋ ከቲክቶክ ያወጣችውን ፎቶ በስልክ ታሳያታለች፤ «ልክ እንዲህ አድርጊልኝ» ትላለች። ፎቶው ላይ ያለው ቀሚስ ለረጅም ቀጭን ሴት የተሠራ ነው፤ ደንበኛዋ ግን እንደዚያ አይደለችም። ጨርቁም አንድ አይደለም። የእጅ ሸማ ስፋቱ በሸማኔው ክንድ ልክ የተወሰነ ነው፤ መወርወሪያው ከእጅ እጅ ከሚደርስበት አያልፍም። ስለዚህ ሰፊዋ የት ላይ እንደምታጋጥመው፣ ጥለቱ ከጫፍ ይውረድ ወይስ ከወገብ ይነሳ፣ ስፌቱ በጥልፉ ሥር ይደበቅ ወይስ ይታይ የሚለውን በራሷ ትወስናለች። ያ ውሳኔ ዲዛይን ነው። ሽሮ ሜዳ ያሉት የጋሞና የዶርዜ ሸማኔዎችም ጥለቱን ሲያወጡ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ቀሚሱ ለሰርግ ይለበሳል፣ ይደነቃል፣ ፎቶው ተመልሶ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። የሰፊዋ ስም ግን ከሱቋ ደረጃ አያልፍም፤ ከዓመት በፊት የሰፋችውን አሁን ከምትሰፋው ጋር አስተያይታ የምታይበት ዕድልም የላትም፤ ሁሉም ተወስዷል።

በዚህ ሙያ ስማቸው የወጣላቸው ሰዎች ከእሷ የሚለዩት በእጅ ችሎታ ብቻ አይመስለኝም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 እ.ኤ.አ. ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ስታቋቁም የያዘችው የአገሯን ሸማኔዎች ሥራ ነበር፤ የጨመረችው የሚታይበትን መድረክ ነው። ማህሌት አፈወርቅ የዲዛይን ትምህርት ቤት ሳትገባ ራሷን አስተምራ «ማፊ» የሚለውን ስም ያቆመችው ሥራዋን በተከታታይ ስብስብ፣ በየጊዜው በትርኢት መልክ ስላቀረበች ነው። ስብስብ ማለት ልብሶች አንድ ላይ ተሰቅለው እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ጊዜ ማለት ነው። አቃቂ ደግሞ ለጨርቅ እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ በሕንድና በኢትዮጵያ ሽርክና የተቋቋመው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትውልድ አሠልጥኗል፤ ኋላም በኢንዱስትሪ ፓርኮች ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ስፌት ተምረዋል። አሜሪካ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን አጎአ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣ ከሥራ የወጡት ሴቶች እጃቸው ላይ የቀረ ሙያ አለ። አንድ እጅጌ ቀኑን ሙሉ መስፋት ለዲዛይነርነት አያበቃም፤ ይህ እውነት ነው። ግን በጨርቅ የለመደ እጅ ያለበት ሰፈር ከባዶ አይጀምርም።

የፎቶግራፉ ጉዳይ ሌላ መልክ አለው፤ እዚያ ሥራው አለ፣ ገንዘቡም አለ፣ የሚጠፋው ማኅደሩ ነው። በቱሉ ዲምቱ የሚኖር ወጣት ፎቶግራፍ አንሺ በሰርግ፣ በልደትና በምርቃት ይተዳደራል። ቅዳሜ ሰርግ ያነሳል፣ ማክሰኞ አልበሙን ያስረክባል፣ ዓርብ ሚሞሪ ካርዱን ለሚቀጥለው ሰርግ ፎርማት ያደርገዋል። ዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማ ስላለው ከሠዓሊነት ወደ ካሜራ የዞረው ሚካኤል ጸጋዬ ሲፈርሱ የነበሩትን የአዲስ አበባ ሰፈሮች መዝግቦ አቆይቶልናል። የተሠሩትን አዳዲስ ሰፈሮች የመጀመሪያ ዓመታት፣ ገና ዛፍ ያልበቀለበትን ግቢ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ደረጃ ላይ ሙሽራ ስትወጣ የሚያነሳው ግን ያ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። እሱ ያነሳውን ደግሞ ማንም እያስቀመጠለት አይደለም። በዚህ ረገድ የባማኮው ሴዱ ኬይታ ታሪክ በደንብ ሊታሰብ ይገባል። ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 በሰፈሩ ስቱዲዮ ከፍቶ ጎረቤቶቹን ለገንዘብ ያነሳ የነበረ ሰው ነው፤ ኔጌቲቮቹን ግን በሺዎች ሳይጥል አስቀመጠ። በ1991 ኒው ዮርክ ላይ ፎቶዎቹ ሲታዩ ስሙ እንኳ አልተጻፈም ነበር፤ በ1994 በፓሪስ በስሙ ሲቀርብ ሰባ ዓመት ያለፈው አዛውንት ነበር። ዓለም «አገኘሁት» አለ። ባማኮ ግን አጥቶት አያውቅም ነበር፤ አልበሙ በየቤቱ ነበረ። ኔጌቲቮቹን ባይጠብቅ ኖሮ ግን የሚገኝ ነገር አይኖርም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከስልኩ ይከብዳል። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ፣ ጠዋት ለታክሲ አንድ ሰዓት ለሚሰለፍ ነዋሪ የሥዕል ክፍል ቅንጦት ነው ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ችግሩን በሚገባ ያውቁታል፤ ንግግራቸውን እንደ ስንፍና መቁጠር ነውር ነው። ሆኖም ነዋሪው አሁንም ለሥነ ጥበብ እየከፈለ መሆኑን ያልፉታል። ለሰርግ ፎቶ የሚከፈለው፣ ለጥልፍ ቀሚስ የሚከፈለው፣ ሱቁ ላይ ስሙን በቀለም ለሚጽፍለት የሚከፈለው ገንዘብ ከዚያው ኪስ የወጣ ነው። ገበያው አለ፤ ያልተደረገው ሥራውን በስሙ ጠርቶ፣ አንድ ላይ ሰብስቦ፣ ለሠራው ሰው እንደ ሥራ ማሳየት ነው። «ጎበዝ ከሆነ ራሱ ይወጣል» የሚለውም አባባል የሚያየው የወጡትን ብቻ ነው። ያልወጡት ስም ስለሌላቸው በክርክሩ ላይ አይቆጠሩም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሙያው ውስጥ የሚመጣ ነው፤ ለእኔም የሚከብደኝ እሱ ነው። ሥነ ጥበብ የሚያድገው ጠንካሮች በሚፋጩበት መሀል ነው፣ ዳር ላይ የሚከፈት ክፍል የመንደር ትርኢት ሆኖ ይቀራል ይላል። ይህ ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ብቻውን፣ ያለ ጥብቅ አስተያየት፣ ጓደኛ ጓደኛውን የሚያሞግስበት ቦታ ይሆናል። መልሱ የጆሃንስበርጉ ማርኬት ፎቶ ወርክሾፕ ይመስለኛል። ፎቶግራፍ አንሺው ዴቪድ ጎልድብላት እ.ኤ.አ. በ1989 በአፓርታይድ ምክንያት ከመደበኛ ትምህርት ቤት ለታገዱ ወጣቶች የከፈተው ስፍራ ነው። ዛሬ በዓለም ትላልቅ ሙዚየሞች የሚታየው የዛኔሌ ሙሆሊ ሥራ መሠረት የተጣለው እዚያ ነው። ወርክሾፑን ከመንደር ትርኢት ያዳነው የሚያስተምሩት ሰዎች ጥብቅነት ነበር። የእኛም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነው ይኖራሉ፤ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የአርክቴክቸር ተማሪዎቹን ይዞ እዚሁ አቅራቢያ ነው። ጥብቅ ዓይን ከቦሌ ብቻ የሚመጣበት ምክንያት የለም።

ክፍሉስ የት ይገኛል? በዚህ ላይ አዲስ ግንባታ መጠየቅ አያስፈልግም። በየኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች መካከል ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው የጋራ መገልገያ ቤት አለ። ለእርድ፣ ለድግስ፣ ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በአንድ ጥግ የእድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የተቆለለበት። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው፤ ስለዚህ ፈቃዱ ከሩቅ መሥሪያ ቤት አይጠየቅም። ለቅሶና ድግስ ቅድሚያ ሊያገኙ ይገባል፤ ሟች ቀን አይመርጥምና ሥዕሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተነስቶ ጥግ ሊይዝ የሚችል መሆን አለበት። ግን በዐቢይ ጾም ሰርግና እርድ በእጅጉ ስለሚቀንሱ ያ ቤት በሃምሳ አምስቱ ቀናት አብዛኛው ጊዜ ተቆልፎ ይውላል። የሚያስፈልገው ነጭ ኖራ፣ ጥቂት አምፖል፣ ሽቦ፣ ቁልፉን የሚይዝ ሰው፣ ሥራዎቹን በየቀኑ በፎቶ መዝግቦ ከሠሪው ስም ጋር የሚያስቀምጥ ሌላ ሰው ነው። የሰርግ ፎቶ አንሺዎቹ ከእያንዳንዱ ሰርግ አንድ ፎቶ ቅጂ የሚያኖሩበት ሃርድ ዲስክም እዚያው ይቀመጣል። ልብስ ሰፊዎቹ ለደንበኛ ያስረከቡትን ቀሚስ ለሳምንት ተውሰው ይሰቅሉታል።

ጋለሪዎቹና የውድድር ዳኞቹ ከዚህ በኋላ የሚጠበቅባቸው ትንሽ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ መምጣትና ሁለተኛው ጊዜ ላይ የመጀመሪያውን ማስታወስ። ያው ሰው በስድስት ወር ውስጥ ምን እንደለወጠ፣ ምን እንዳልተወ የሚያየው ሁለት ጊዜ የመጣ ብቻ ነው። ጊዜውን በተመለከተ መጋቢት ይሻላል፤ ጾሙ ገብቷል፣ የክረምቱ ዝናብ ገና ስለሆነ ግድግዳው ኖራውን ይይዛል፣ ተማሪዎችም የዓመቱ ፈተና አላሯሯጣቸውም። ለዚያ እንዲደርስ ማኅበራቱ ከጥር በፊት በሚያደርጉት ስብሰባ አጀንዳ አድርገው ሊይዙት፣ ቁልፉን የሚረከበውንም ሰው በስም ሊመርጡ ይገባል።